ለማረም የተያዙ ረድፎች

ፈርዋኒያ ነው። ከሌሊቱ አምስት ተኩል ሆኗል፤
የመክተቡ በር ተቆልፎ፣ ግማሹ መብራት ጠፍቷል።
ኤሲው ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ያጓራል፤
ከውጭ የኩዌት ወበቅ መስኮቱን በላብ ያጥባል።

ሰርቨሩን የምጠብቅ እኔ ነኝ።
ያኔ ወለሉን ነበር የምወለውል፣ ባልዲ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፤
ሻጂ፣ የኬረላው ሰው፣ "እስቲ ነይ፣ ተቀመጪ" አለኝ አንድ ማታ፣
ፊደል እንደሚያስቆጥር የኔታ ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየመታ።
ሻጂ ዛሬ የለም። ኮንትራቱ አልቆ ተሸኝቷል።
ያስተማረኝ ግን ቀርቷል፦

ከርሰር ማለት ጣት ነው፣ ዝርዝር ላይ የሚሄድ፣
ከአንዱ ስም ወደ ሌላው፣ አንድ አንድ እያለ የሚወርድ።
ለማንበብ ብቻ ሲመጣ ማንንም አያስቸግር፤
አይቶ ያልፋል፣ እንደ መንገደኛ በሰው በር።
"ለማረም ነው የመጣሁ" ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤
ገና ዝርዝሩ ሲከፈት ነው ሁሉንም የሚቆልፈው።
ጣቱ አንዷ ላይ ቢያርፍም፣ እጁ የያዘው ሁሉንም፤
እስኪያጸድቅ ወይ እስኪሰርዝ ሌላ ሰው አይነካቸውም።

ዛሬ አመሻሽ ላይ አቡ ፈዋዝ ዝርዝር ከፈተ፤
ኢቃማቸው በዚህ ወር የሚያልቅ አርባ አንድ ሴቶች።
ሊያርም ነው። ማረም ይለዋል እሱ፣
በየስማቸው ትይዩ "ጠፊ" ብሎ መጻፉን።
ስድስቱን ጽፎ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ
ስልኩ ጮኸ፤ ተነሣ፤ ወደ ዲዋኒያው ሄደ።
ሳያጸድቅ።
ሳይሰርዝም።
ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንደሚሄድ ባለቤት።

ሰባተኛዋ ረውዳ ይመር ናት፣ የሀርቡ ልጅ።
ጠፊ? ጀህራ ነው ያለችው፣
አልጋ የያዘች አሮጊት ታገላብጣለች።
አዲሷ ማዳም ፈርማለች፤ ዝውውሯ ቀን ላይ ገብቷል፤
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ግን ረድፏ ደጅ ላይ ቆሟል።
ስድስት ሰዓት ሲሞላ ቀኑ ያልፍበታል።

ይታየኛል፤ አንዱ ይዟል፣ አንዱ ይጠብቃል።
ማሽን አይፈርድም፤ ቀድሞ ለያዘ ያድራል።
"ከተያዘ አልጠብቅም፣ ቁርጡን ንገረኝ" የሚል ትእዛዝም ነበር፤
ይሄኛው እንዲያ አልተጻፈም፤ እንደ ድሃ ዘመድ
ደጅ ይጠናል፣ ድምፁን ሳያሰማ።

ዝርዝሩን ቁልቁል አየሁት።
ሃያ ዘጠነኛው ረድፍ፦ ስንዱ አበጋዝ።
እኔ ነኝ።
ጣቱ ገና አልደረሰብኝም፤ እጁ ግን ከመሸ ጀምሮ ይዞኛል፣
እኔ እዚህ ተቀምጬ ውሃ ስጠጣ፣ ሳዛጋ።

የሴሽኑን ቁጥር ጻፍኩ። ከፊቱ የሚጻፈው ቃል "ግደል" ነው፤
ሻጂ ሲያስተምረኝ ስቆበታል፤ እኔ ግን ያን ጊዜም አልሳቅሁ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ ተጫንኩት።

ስድስቱም "ጠፊ" ተነቅሎ እንደ ጥንቱ ሆነ፤
ያልጸደቀ ነገር እንዳልተጻፈ ነው፣ ፋቅም አልታየ።
ዐይኔን ሳላርገበግብ ደጅ የቆመው ገባ፤
የረውዳ ረድፍ ታረመ፣ ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው።
እሷ ይሄን ጊዜ ተኝታ ይሆናል።
ወይም አሮጊቷን እያገላበጠች።

ጠዋት አቡ ፈዋዝ መጣ፣ ሙስባሃውን እየቆጠረ።
"ያ ስንዱ፣ የማታው ሥራዬ የት ገባ?"
"ሲስተሙ ነው ባባ። ተከፍቶ ብዙ ሲቆይ ይቆርጣል።"
ግማሹ እውነት ነው።
አልተቆጣም። ዝርዝሩን እንደገና ከፈተው፤
አርባ አለ ማሽኑ። አንዷ መጉደሏን ልብ አላለም።
ጣቱን ከላይ አሳረፈ፣ ከመጀመሪያዋ፣

እኔ ፈረቃዬ አልቆ ጠረጴዛ ሥር ጫማዬን በእግሬ እየፈለግሁ
ሃያ ስምንተኛ መሆኔን አሰላሁ።